የካናቢስ ሥር ላይ ተባይ ገባብኝ፣ ኢሚዳክሎፕሪድ ምን ያህል ላፍስበት?

ቤዝመንት_ገበሬ፦

ሰላም ቤተሰብ እንደምን ናችሁ። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። እንደምታውቁት እዚህ ከጁላይ 2023 ጀምሮ አንድ ቤት ሁለት ተክል ማብቀል ተፈቅዷል፣ እኔም ቤዝመንት ውስጥ ትንሽ ቴንት አቁሜ ሁለት ካናቢስ ይዣለሁ፣ ለራሴና ወገቡን ለሚያመው ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ሽያጭ ምናምን የለበትም። ቆንጆ እያደጉ ነበር ግን አበባ ከጀመሩ በኋላ የታችኛው ቅጠል ቢጫ እየሆነ መጣ፣ ማግኒዚየም ይሆናል ብዬ ካልማግ የሚባለውን የካልሲየምና ማግኒዚየም ማዳበሪያ ጨመርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ትናንት ውሃ ሳጠጣ ከሳክሲያው ቀዳዳ በታች በኩል ደቃቅ አመድማ ነገሮች ከውሃው ጋር ወጥተው ሳህኑ ላይ ሲንሳፈፉ አየሁ፣ ጠጋ ብዬ ሳይ እግር አላቸው ይንቀሳቀሳሉ። ቴንቱ ውስጥም ትንንሽ ጥቁር የሚበሩ ነገሮች አሉ።

አንድ ጓደኛዬ ቨርጂኒያ ሄዶ ኢሚዳክሎፕሪድ የሚባል ጸረ ተባይ ያለበት ጠርሙስ አምጥቶልኛል፣ ለዛፍና ለቁጥቋጦ የሚል ነው፣ ውሃ ውስጥ በጥብጠህ ሥሩ ላይ ታፈሳለህ፣ ተክሉ ራሱ ይጠጣዋል፣ ተባዩ ሲመጠው ይሞታል አለኝ። ለ5 ጋሎን ሳክሲያ ምን ያህል ልጨምር? ከሀርቨስት ስንት ሳምንት በፊት ላቁም? ከዛ በኋላስ በንጹህ ውሃ ደጋግሜ ባጥበው ይወጣል ወይ? ጠርሙሱ ላይ ስለ ካናቢስ አንድም ነገር የለም። የምታውቁ ካላችሁ በናታችሁ ቶሎ መልሱልኝ።


አጉሊ_መነጽር፦

ወንድሜ ሳትደነግጥ መጀመሪያ ተባዩ ምን እንደሆነ እወቅ። ግማሹ ሰው ሥር ላይ ያለ ነገር ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የሚምታቱት፣ አንዱ በእንግሊዝኛ fungus gnat የሚሉት እርጥብ አፈር የሚወድ ትንሽ ዝንብ ነው፣ ሌላው የሥር ክሽክሽ፣ ሩት አፊድ የሚባለው።

የዝንቡ እጭ ትል ነው፣ ሰውነቱ ብርሃን ያሳልፋል፣ ጭንቅላቱ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነው፣ እግር የለውም። ትልቁ ደግሞ ቢምቢ ይመስላል፣ ቀጭን፣ እግረ ረጅም። ድንች ቆርጠህ አፈሩ ላይ በሥጋው በኩል ድፋውና በማግስቱ አንሳው፣ እጩ ካለ ድንቹ ሥር ተሰብስቦ ታገኘዋለህ። ክሽክሹ ግን ትል አይደለም፣ ስድስት እግር አለው፣ ቅርጹ ከኋላው ሰፋ ከፊቱ ጠበብ ያለ ነው፣ ሥሩ ላይ ተጣብቆ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሰም ይተዋል፣ ዋናው ምልክት ደግሞ ከኋላው ሁለት ትንንሽ ቱቦ አለው። የሚበረውም እሱው ራሱ ክንፍ ሲያወጣ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ክንፉ ከሰውነቱ ረዝሞ ታየዋለህ። ቢጫውን ማጣበቂያ ወረቀት ቴንቱ ውስጥ ስቀል፣ የተያዘውን በስልክህ ካሜራ አጉልተህ ፎቶ ለጥፍልን።

ይሄን የምልህ ዝንቡ ከሆነ ነገሩ ቀላል ስለሆነ ነው፣ ቢቲአይ የሚባለው ባክቴሪያ፣ ለትንኝ እጭ የሚሸጠው ደረቅ ፍርፋሪ፣ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ማጠጣትና አፈሩን ደረቅ አድርጎ መያዝ ነው። ክሽክሽ ላይ ግን ቢቲአይ ምንም አያደርግም፣ ስንቱ ሰው ወር ሙሉ ሲያጠጣ ይከርማል። እግር አላቸው ካልክ እኔ ክሽክሹን ነው የምጠረጥረው።


ከዝዋይ_ዴንቨር፦

እኔ ጅማ እርሻ ተምሬ ዝዋይ አበባ እርሻ የርጭት ክፍል ሠርቻለሁ፣ አሁን ዴንቨር ግሪንሃውስ ውስጥ ነው ያለሁት። ስለ ኢሚዳክሎፕሪዱ መልሱ አጭር ነው፣ አታፍስበት። ምክንያቱ ረዘም ይላል ታገሰኝ።

ሲስተሚክ የሚባለው ቅጠል ላይ ተቀምጦ የሚታጠብ ዓይነት አይደለም። ኢሚዳ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ሥሩ ከውሃው ጋር ይስበዋል፣ ከዛ ተክሉ ውሃ ወደ ላይ በሚያወጣበት መስመር ግንዱን ተከትሎ ቅጠሉ ድረስ ይሄዳል። ጓደኛህ ተክሉ ራሱ ይጠጣዋል ያለህ ልክ ነው፣ ችግሩም እሱ ነው፣ አንተ ደግሞ ተክሉን ታጨሰዋለህ። ሳክሲያውን በውሃ ማጥለቅለቅ አፈሩ ውስጥ የቀረውን ትንሽ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ተክሉ አካል ውስጥ የገባውን አያወጣም፣ ስኳሩ ቡናው ውስጥ ከሟሟ በኋላ ሲኒውን ከውጭ ብታጥበው ምን ዋጋ አለው። ስንት ሳምንት በፊት ላቁም ላልከው ደግሞ ጠርሙሱን ገልበጥ አድርገህ አንብበው፣ ከነዚህ የዛፍ መድኃኒቶች ብዙዎቹ 12 ወር ይከላከላል ብለው በትልቁ ይጽፋሉ። ለዛፍ ማስታወቂያ ነው፣ ያንተ ተክል ግን ከዘር እስከ ሀርቨስት ዕድሜው አራት አምስት ወር ነው። በቃ ሂሳቡ አልቋል።

ዝዋይ ጽጌረዳ ላይ ሲስተሚክ እንረጭ ነበር፣ ጽጌረዳውን ግን ሆላንድ ያለ ሰው ብልቃጥ ውስጥ ያስቀምጠዋል እንጂ ጠቅልሎ አይለኩሰውም። ቲማቲም ላይም ተፈቅዷል የሚል አይጠፋም፣ አዎ፣ ግን እዛ ላይ የተቀመጠው ገደብ ተበልቶ በሆድና በጉበት ለሚያልፍ ነገር የተሰላ ነው። ጭስ ከሳንባ ቀጥታ ደም ውስጥ ነው የሚገባው። በ2013 የታተመ ጥናት አለ፣ ባይፈንትሪን፣ ዲያዚኖንና ፐርሜትሪን ያለበትን ካናቢስ በተለያየ ዕቃ አጭሰው ጭሱን ለክተው፣ ማጣሪያ በሌለው የመስታወት ፓይፕ ሲሆን እስከ 70 ከመቶ የሚጠጋው ኬሚካል ጭሱ ውስጥ ተገኝቷል። ኢሚዳ ከነዛ ውስጥ አልነበረም፣ ግን ሲቃጠል ይጠፋል ብሎ ራስን ማጽናናት እንደማይሠራ ያሳያል።

እኛ ከተማ በ2015 የሆነውን የሚያስታውስ ያስታውሳል። ያን ዓመት ከተማው ያልተፈቀደ ኬሚካል የረጩ አብቃዮችን ብዙ ሺህ ተክል አገደ፣ ከዛ ሱቅ የገባ ዕቃ በየሳምንቱ ተመለስ እየተባለ፣ ኖቬምበር ላይ የያኔው የኮሎራዶ ገዢ ሂከንሉፐር ያልተፈቀደ ጸረ ተባይ የነካው ማሪዋና ለሕዝብ አደጋ ነው ብሎ ትዕዛዝ አወጣ። ከተመለሱት ውስጥ የተገኙት ማይክሎቡታኒል፣ አቬርሜክቲን፣ ያው ኢሚዳክሎፕሪድም ነበሩ። ማይክሎቡታኒልማ የፈንገስ መድኃኒት ነው፣ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ሳያናይድ ይለቃል። ኦሪገን ውስጥ ለሽያጭ የሚቀርብ ካናቢስ ኢሚዳው ከ0.4 ፒፒኤም ካለፈ ይወድቃል፣ ማለት በኪሎ 0.4 ሚሊግራም። እነሱ ላብራቶሪ አላቸው፣ አንተ ቤዝመንት ውስጥ ምን ይዘህ ትለካለህ?

ጠርሙሱ ላይ ስለ ካናቢስ የሌለውም አምራቹ ረስቶት አይደለም። እዚህ ሀገር የጸረ ተባይ ሌብል ራሱ ሕግ ነው፣ እዛ ላይ ያልተጻፈ ተክል ላይ መጠቀም አይቻልም፣ ካናቢስ ደግሞ በፌዴራል ሕገወጥ ስለሆነ ኢፒኤ፣ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ለሱ ብሎ መጠን አላወጣም። ለሄምፕ ብቻ፣ ማለት ለማያሰክረው የካናቢስ ዓይነት፣ እሱ በ2018 ሕጋዊ ከሆነ በኋላ፣ ዲሴምበር 2019 ላይ 10 ምርት ፈቅዷል፣ አብዛኞቹ ባዮ፣ ማለት ከተፈጥሮ የተገኙ፣ ናቸው። ስለዚህ ምን ያህል ልጨምር ለሚለው መጠን የሚነግርህ ሰው ካለ ከራሱ አውጥቶ ነው።


ቢግ_አቢ፦

ኧረ ጉድ ነው፣ እናንተ ሰዎች ደግሞ ታካብዳላችሁ። ትምባሆ ላይ እኮ ኢሚዳ በሕጋዊ መንገድ ነው የሚጠቀሙት፣ ያም ይጨሳል። እኔ የማውቃቸው ልጆች ተክሉ ቬጅ ላይ፣ ማለት አበባ ሳይጀምር ቅጠል ብቻ እያወጣ፣ እያለ አንዴ ያፈሱበታል፣ አበባ ሲደርስ አንድም ተባይ የለም፣ አጭሰው እስካሁን ቆመው ይሄዳሉ። ሁለት ተክል ብቻ ያለው ሰው ይሄን ሁሉ ወር ደክሞ ይጣለው ነው የምትሉት? ትንሽ አድርገህ አፍስበት ወንድሜ።


ከዝዋይ_ዴንቨር፦

አቢ የትምባሆው እውነት ነው። እዛ ግን ችግኙ ሲተከል ነው የሚሰጠው፣ ሌብሉ ላይ ትምባሆ ተብሎ መጠኑና ጊዜው ተጽፎ፣ ቅጠሉ እስኪታጨድ ወራት አሉት። ለማንኛውም አንድን ነገር ደህና ነው ለማለት ትምባሆን ምስክር አድርጎ ማቅረብ አንተም ስትጽፈው ሳያስቅህ አልቀረም።

ቆመው ይሄዳሉ ላልከው ማንም ወዲያው ይወድቃል አላለም። ይሄ መድኃኒት ነፍሳት ላይ የሚበረታ ሰው ላይ የሚላላ ስለሆነ በአንድ ቀን የሚታይ ነገር አትጠብቅ። በየቀኑ የሚያጨስ ሰው፣ ይልቁንም ታሞ ለሕመም የሚጠቀም ሰው፣ ስንት እንደገባበት ሳይታወቅ ለወራት ሲስበው ምን ይሆናል ነው ጥያቄው። ወገቡን ለሚያመው ወንድምህ ነው ብሏል ልጁ። ትንሽ የምትለውም ሲስተሚክ ላይ አትሠራም፣ ትንሽ ስትሰጠው ክሽክሹ ግማሹ ይተርፋል፣ እነዚህ ደግሞ ቤት ውስጥ ሁሉም ሴት ናቸው፣ ወንድ ሳይፈልጉ ልጅ በሕይወት ይወልዳሉ፣ አንዷ ከተረፈች ተመልሰህ እዛው ነህ።


የዊተን_ጓሮ፦

እኔ ካናቢስ አላበቅልም ጎመን ነው የማበቅለው፣ ግን ርዕሱን ሳይ ማለፍ አልቻልኩም። አንተ ልጅ ጓደኛህ ቨርጂኒያ ድረስ የሄደው ለምን መሰለህ? ሜሪላንድ ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ ኢሚዳክሎፕሪድንና መሰሎቹን ለተራ ሰው ለጓሮ መሸጥ ከልክላለች፣ ከመጀመሪያዎቹ ስቴቶች አንዷ ናት፣ በንብ ምክንያት። ሸልፉ ላይ ያላገኘኸው አልቆ አይደለም። አውሮፓም በዛው በ2018 ከቤት ውጭ እንዳይረጭ አግዶታል።

የኔ ዋና ነገር ግን አፈሩ ነው። ካናቢሱን ቆርጠህ ስትጨርስ ያ 5 ጋሎን አፈር የት ነው የሚሄደው? እናቴ እኛ ጋ ስትመጣ ያገለገለ የሳክሲያ አፈር አየች ማለት በቃ ነው፣ ይሄማ ጥሩ አፈር ነው ብላ ተሸክማ ጎመኗ ላይ ትገለብጠዋለች። ማን ምን እንዳፈሰሰበት አትጠይቅም። ይሄ ኬሚካል አፈር ውስጥ ለወራት አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል፣ በሚቀጥለው ዓመት እዛ አፈር ላይ የተተከለ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ጤና አዳም ሁሉም ይስበዋል። በሶብላ ደግሞ ሲያብብ ንብ ተሸፍኖ ነው የሚውለው፣ አበባው ውስጥ የደረሰው ኬሚካል ማር ውስጥ ሊገባ ይችላል ማለት ነው። እናቶቻችን ጤና አዳሙን ቀንጥሰው ቡና ውስጥ ነው የሚከቱት ሳያጥቡት።

በትልቅ እህትነት ነው የምነግርህ፣ ካፈሰስክበት አፈሩን ለማንም አትስጥ። ካላፈሰስክበት ደግሞ ተመስገን።


ቤዝመንት_ገበሬ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አላፈሰስኩበትም፣ ጠርሙሱ እንደታሸገ ነው። ድንቹን ሞክሬ ነበር ምንም ትል የለም። አንዷን ሳክሲያ በቀስታ ዘንበል አድርጌ ሥሩን ሳየው ዳር ዳሩን ነጭ ዱቄት ነገር ይዟል፣ ቀለሙም ነጭ መሆኑ ቀርቶ ቡናማ እየሆነ ነው፣ በስልክ ሳጎላው ደግሞ ያ ሁለት ቱቦ የተባለው አለ፣ ቀለማቸው አረንጓዴ ወደ ጥቁር ያደላ ሆኖ ከኋላቸው ቀላ ይላል። አንደኛዋ ተክል ደህና ናት ውሃም ትጠጣለች፣ ሁለተኛዋ ግን ውሃ ካጠጣኋት በኋላም ጠውልጋ ነው የምታድረው። አበባው ገና ሀርቨስት አልደረሰም። አሁን ምን ላድርግ?


አጉሊ_መነጽር፦

የሩዝ ሥር ክሽክሽ የሚባለው ነው፣ ከኋላ ቀላ ማለቱ እሱን ይመስላል። ክሎኑን፣ ማለት ከሌላ ተክል ተቆርጦ ሥር ያወጣውን ችግኝ፣ ማነው የሰጠህ? ይሄ ነገር ብዙ ጊዜ ከሰው ቤት በመጣ ክሎን ሥር ተደብቆ ነው የሚገባው፣ በዘር የጀመረ ሰው ብዙም አያገኘውም።


ቤዝመንት_ገበሬ፦

ጠርሙሱን ያመጣልኝ ጓደኛዬ ነው 😅


አጉሊ_መነጽር፦

ሃሃሃ እንግዲያው የሱንም ሳክሲያ አዘንብላችሁ እዩ።


ከዝዋይ_ዴንቨር፦

እሺ፣ የሚጠወልገውን ተክል አታስታምመው። ቴንቱ ውስጥ እንዳለ ከነሳክሲያው በትልቅ ፕላስቲክ ሸፍነህ እሰረውና ከዛ ነው የምታወጣው፣ ሳትሸፍን ቤቱን አቋርጠህ ከወጣህ ክንፍ ያላቸውን ሳሎን ላለው አበባ ሁሉ ታድላለህ። ለሚቀጥለውም ክሎን እንዳትወስድበት።

ደህናዋን በተመለከተ አሁን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት የሚለውን ከጭንቅላትህ አውጣ፣ አበባ ላይ ሆኖ ማጥፋት አይሆንም፣ ዓላማው ተክሏ ሀርቨስት እስክትደርስ ቁጥራቸውን ዝቅ አድርጎ መያዝ ነው። ቦቬሪያ ባሲያና የሚባል ፈንገስ አለ፣ ዱቄትም ፈሳሽም ሆኖ ይሸጣል፣ ክሽክሹ አካል ላይ በቅሎ ነው የሚገድለው፣ ተክሉ ውስጥ እንደ ኢሚዳው አይሰራጭም። ኮሎራዶ የእርሻ መሥሪያ ቤት ካናቢስ ላይ መጠቀም ይቻላል ብሎ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ አለ፣ አንተም የትኛውንም ነገር ከመግዛትህ በፊት የኮሎራዶን ወይ የኦሪገንን ዝርዝር ኦንላይን ገብተህ እይ፣ ለማንም ክፍት ነው። ሌብሉ ላይ ባለው መጠን አፈሩ ላይ ብቻ ታጠጣለህ፣ አበባው ላይ እንዳይረጭ፣ ስትበጠብጥ ማስክ አድርግ። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ በማግስቱ ሞተው አታያቸውም፣ ደጋግመህ መስጠት አለብህ። ደግሞ ሰው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አፍስስበት ይልሃል፣ ከሱ ጋር ከቀላቀልከው ፈንገሱን ራሱን ነው የምትገድለው።

ስትራቲዮሌላፕስ የሚባሉ ሌላ ተባይ የሚበሉ ደቃቅ ማይቶችም (mite) አሉ፣ አፈር ላይ ይለቀቃሉ፣ ለዝንቡ እጭ ጎበዞች ናቸው፣ ክሽክሹ ግን አንዴ ከበዛ ብቻቸውን አይችሉትም። ኔማቶድ የሚባለው ተባይ የሚገድል ደቃቅ ትልም እንደዛው። ከኒም የሚወጣው አዛዲራክቲን ቬጅ ላይ ብትሆን እመክርህ ነበር፣ አሁን ግን አበባ ስለሆነ እለፈው። አንድ ነገር ደግሞ፣ ተፈጥሯዊ ነው የሚል ማንኛውንም ነገር በጽሑፉ ብቻ አትመን፣ ኦሪገን ውስጥ ተፈጥሯዊ ተብሎ ሲሸጥ የነበረ ርጭት ሲመረመር አባሜክቲን የሚባል ጸረ ተባይ ተገኝቶበት ከገበያ ወጥቷል።

ከሀርቨስት በኋላ ነው ዋናው ሥራ። አፈሩን አሽገህ ቆሻሻ ውስጥ፣ ኮምፖስት አይገባም። ቴንቱን በቫኪዩም ጥግ ጥጉን፣ ዚፑ ስፌት ውስጥ ሳይቀር፣ ከዛ በሳሙና ውሃ። ሳክሲያው ጨርቅ ከሆነ ጣለው፣ ፕላስቲክ ከሆነ ፈግፍገህ እጠበው። ወዲያው አትትከል፣ ባዶውን ይቆይ፣ ቢጫው ወረቀት ብቻውን ተሰቅሎ ይሰንብት፣ ምንም ካልያዘ ያኔ በዘር ጀምር። ክሎን ካማረህ ለብቻው ሌላ ክፍል አቆይተህ ሥሩን እያየህ ነው። ጉንዳን ሳክሲያው ላይ ሲመላለስ ካየህም ጠርጥር፣ ጉንዳን ክሽክሽን ጣፋጭ ስለሚያወጣለት ይጠብቀዋል።


ቢግ_አቢ፦

ቦቬሪያው ዋጋው ግን ቀላል አይደለም እኮ፣ ለሁለት ተክል ያንን ሁሉ ብር ከማውጣት ከዲስፔንሰሪ፣ ከሕጋዊው የካናቢስ ሱቅ፣ መግዛት አይሻልም?


ከዝዋይ_ዴንቨር፦

እሱስ እውነትህን ነው። አንዲት ተክል ብቻ ከቀረችው እኔም ብሆን ሁለቱንም አስወግጄ አጽድቼ እንደገና ብጀምር ይሻለኛል፣ ወንድሙ እስከዛው ላብራቶሪ የተመረመረውን ከሱቅ ቢወስድ። ግን የደከመበት ሰው ነው የሚወስነው።


ወረቀት_ጠባቂ፦

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና፣ እዚህ የምታነቡ ግሪን ካርድ ያላችሁ ወይ ዜግነት ያመለከታችሁ ካላችሁ ስቴቱ ፈቅዷል ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ዩኤስሲአይኤስ፣ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ፣ ኤፕሪል 2019 ላይ በግልጽ አውጥቶታል፣ ማሪዋና በፌዴራል ሕግ ሕገወጥ ስለሆነ ስቴት ቢፈቅደውም የዜግነት ማመልከቻ ላይ መልካም ሥነ ምግባር የሚለውን ሊያበላሽ ይችላል። ባትከሰሱም ጠያቂው ፊት አዎ ብላችሁ መናገራችሁ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ፎቶ እየለጠፋችሁ ሰፈር ስም መጥራቱንም ቀንሱ። ጠበቃ ጠይቁ፣ እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ተከራይቶ የሚኖር ደግሞ አከራዩ መከልከል እንደሚችል ይወቅ።


ቤዝመንት_ገበሬ፦

እኔ ዜጋ ነኝ ግን ጥሩ ነው ያነሳኸው፣ ፎቶውን አልለጥፍም። ከወንድሜ ጋር ተነጋግረን ሁለቱንም ልናስወግድ ወስነናል፣ እሱ ራሱ ኢሚዳ የሚባለውን ሲሰማ እንዳትሞክራት አለኝ። የቀረኝ ጠርሙሱ ነው፣ ጓደኛዬ ልመልስለት ብለው ለራሱ ተክል ሊያፈስበት ነው፣ ሲንክ ውስጥ ልድፋው?


የዊተን_ጓሮ፦

እንዴ በፍጹም! ሲንክም፣ ሽንት ቤትም፣ መንገድ ዳር ያለው የዝናብ ቦይም አይሆንም፣ ውሃ ውስጥ ያሉትን ነፍሳት ይጨርሳቸዋል። ለጓደኛህም አትመልስለት። እኛ ካውንቲ ሼዲ ግሮቭ ትራንስፈር ስቴሽን አደገኛ የቤት ውስጥ ቆሻሻ ይቀበላል፣ በራሱ ጠርሙስ ሌብሉ እንዳለ ሳትከፍተው ውሰደው፣ ሌላ ዕቃ ውስጥ እንዳትገለብጠው። ከመሄድህ በፊት የሚቀበሉበትን ሰዓት ካውንቲው ድረ ገጽ ላይ እይ።